የጅግጅጋ ሜዳ በየወቅቱ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ጅግጅጋ ተዛውሮ በነሐሴ ወር ቢደርስ፣ ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን፣ የዳካታን የድንጋይ ሸለቆና የፋፈንን ወንዝ አልፎ፣ የካራማራንም ተራራ ወጥቶ ወደ ሜዳው ብቅ ባለ ጊዜ የሚያየው ነገር ዐይንን የሚያሳርፍ ነው። ማሽላው አድጎ፣ ኩሬው ሞልቶ፣ በጉና ፍየሉ በሣር ውስጥ ተውጦ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ወር ለመሥሪያ ቤቱ የሚልከው መግለጫም፣ «አገሩ ለም፣ ውሃው ብዙ፣ ሕዝቡም ጠግቦ የሚያድር ነው» የሚል ይሆናል። ሌላው ባልደረባው ደግሞ በየካቲት ወር ቢሄድ፣ ያው ሜዳ አቧራ ሆኖ፣ ኩሬው ተሰነጣጥቆ፣ ጐልማሳውም ሁሉ መንጋውን ተከትሎ ርቆ ይጠብቀዋል። እርሱም፣ «አገሩ ደረቅ፣ ሕዝቡም የተበተነ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ መግለጫዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዓመታት በኋላም ሦስተኛው ሰው አውጥቶ ሲያነባቸው ከሁለቱ የዋሸው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ይቸገራል።

ማንም አልዋሸም። ስሕተቱ ያንን አገር አንድ ጊዜ አይቶ «አየሁት» ማለት ነው። በደጋው አገር ወቅት ሲለወጥ የሚለወጠው የአየሩ ጠባይና የእርሻው ሥራ ነው እንጂ ሰዉና መንደሩ በቦታቸው ይኖራሉ። በጅግጅጋና ከእርሷ በስተሰሜን ባሉት ከተሞች፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ ዙሪያ ግን ወቅት ሲለወጥ ሕዝቡ ራሱ ቦታ ይለውጣል፤ ገበያውም መንገዱም ይለወጣል፤ ከታሪክ እንደምንረዳውም ጦርነቱና የመንግሥታቱ ውል ሳይቀር ከዝናቡ ጋር ታስሮ ኖሮአል። በዛሬው ንግግራችን፣ ክቡር አንባቢ፣ እርስዎን በዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ወደዚህ አገር ይዤዎት ለመዞር አስባለሁ። ዓመታቱን በእኛ አቈጣጠር እጠራለሁ፤ የአውሮፓውን ስጠቅስ ለይቼ አመለክታለሁ።

የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ታላቁን የበልግ ዝናብ «ጉ» ይለዋል፤ በሽንሌና በአይሻ በኩል ያሉት ደግሞ «ድራዕ» ይሉታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነፋሻና ደረቅ ጊዜ «ሐጋ» ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም የሚዘንበው «ከረን» ይባላል፤ ይህም የእኛው የደጋው ክረምት ጫፍ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሚዘንበው «ደይር» ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት የሚቈየው ረዥሙ በጋ «ጅላል» ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከረን የሰሜኑ ዝናብ ነው፤ ደይር ግን በይበልጥ የደቡቡ፣ የኦጋዴን ዝናብ ነው። በቀብሪ ደሐር የሚኖር ሰው ከከረን የሚጠብቀው ነገር የለም፤ በሽንሌ የሚኖረውም ተስፋውን በደይር ላይ አይጥልም። የጅግጅጋ ሜዳ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ዝናብ ያለፈበት መንጋ ወደ ሌላው ሲሻገር በዚህ ሜዳ ይገናኛል። የከተማዪቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጉብኝታችንን ከጅላል እንጀምር። ብዙ ሰው የሶማሌ አገር ሁሉ የሚያቃጥል ቆላ ይመስለዋልና ካፖርቱን ትቶ ይሄዳል። ጅግጅጋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ነፋሱም አጥንት ይነካል። ቀን ቀን ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሕይወት ሁሉ የሚሰበሰበው በኤላ አፍ ነው። ግመል ብዙ ቀን ውሃ ሳይጠጣ ሊሰነብት ስለሚችል ወጣቶቹ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዱታል፤ በግና ፍየል ግን ከውሃ ሊርቁ ስለማይችሉ ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር በቅርብ ይቀራሉ። አንዱ ቤተሰብ በሁለት ተከፍሎ ሳይተያይ የሚከርመው በጅላል ነው።

የጥንቱ ነጋዴ ይጓዝ የነበረውም በዚሁ ወቅት ነበር። ከዐረብና ከህንድ አገር የሚመጡት የሸራ መርከቦች የሰሜን ምሥራቁን ነፋስ ተከትለው ስለሚደርሱ፣ የበርበራ ታላቅ ገበያ ከጥቅምት ገደማ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆም ነበር። በእነዚያ ወራት ከሐረርና ከኦጋዴን ቡናውን፣ ቅቤውን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን የጫነ ሲራራ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ጨርቁንና ሩዙን ጭኖም ይመለሳል። ሚያዝያ ሲገባ ገበያው ተበትኖ፣ ዳሱ ፈርሶ፣ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ የነበረበት ስፍራ በበጋው ሐሩር ባዶውን ይቀር ነበር። ጅግጅጋም በጽሑፍ ስሟ የሚገኘው በዚህ የንግድ መንገድ ምክንያት ነው። ባርከር የተባለ የእንግሊዝ መኰንን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ ማረፊያዎች ሲዘረዝር ጅግጅጋን አንዷ አድርጎ ጠርቷታል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ የመረርን ሰፊ ሜዳ ያቋረጠው በታኅሣሥ 1847 ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ዘመኑ 1854 መሆኑ ነው። ሐረርም ገብቶ ጥቂት ቀን ከቈየ በኋላ በሰላም ወጣ። ጥፋት ያገኘው ግን በሐረር ሳይሆን በበርበራ ነበር። በሚያዝያ ወር ገበያው ሲበተን፣ ከእርሱ ጋር ሊጓዝ ይችል የነበረው የኦጋዴን ሲራራ ተነሥቶ ሲሄድ፣ በርተን ከኤደን የሚመጣ የፖስታ መርከብ እጠብቃለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ቀረ። ሕዝቡ በሄደ በጥቂት ቀን ውስጥ በሌሊት አደጋ ተጣለባቸው፤ ከጓደኞቹ አንዱ ሞተ፤ የበርተንም ጉንጭ በጦር ተወጋ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሚያነሡት የሰዎቹን ጭካኔ ወይም የእንግሊዞቹን ድፍረት ነው። እኔ ግን ነገሩን የማየው በሌላ በኩል ነው፤ ሰውዬው የአገሩን ቋንቋ ሊማር ሞክሮአል፤ የአገሩን የዘመን አቈጣጠር ግን አልተማረም።

ሐረር በጥር 1879 በዐፄ ምኒልክ እጅ ከገባችና ልዑል ራስ መኰንን አስተዳዳሪ ከሆኑ በኋላ፣ ወደ ሶማሌው ቆላ የሚዘረጋው የመንግሥት ሥልጣን የመጀመሪያ ጣቢያ ጅግጅጋ ሆነች። ስዌን የተባለው እንግሊዛዊ አዳኝ በ1885 በዚያ ሲያልፍ ያገኘው በእንጨት የታጠረ አንድ ምሽግና 25 ወታደሮች ነው። ለዚያ ሰፊ አገር 25 ሰው ምን ያደርጋል ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ምሽጉ የተሠራው በኤላዎቹ አጠገብ መሆኑን ያስተውሉ። በጉ ጊዜ ሕዝቡ በየኩሬው ተበትኖ ስለሚውል ምሽጉን አያስታውሰውም፤ በጅላል ግን ኤላውን የያዘ አገሩን ይዟል ማለት ነው። የሰይድ ሙሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ተከታዮች የተወሰደባቸውን ከብት ለማስመለስ ይህን ሰፈር የወጉትም በመጋቢት 1892፣ ጅላል ሊያልቅ በተቃረበበት ወር ነበር። ብዙ ሰው አልቆባቸው ከብቱን ግን ነድተው ሄዱ።

ምሽጉን ወደ ከተማነት የለወጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩስያ የጦር ትምህርት የተማሩት፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒህ ሰው፣ በ1909 ገደማ በጅግጅጋ ሲያስተዳድሩ ከተማዪቱን በፕላን አሠርተዋታል። የሶማሌው ወገን የሚያስታውሰው የከተማዪቱ ስም ግን ከዚያ የቀደመ ነው፤ ይኸውም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የኖሩት ገራድ ሒርሲ ፋራሕ፣ በቅጽል ስማቸው ዊልዋል የሚባሉት ናቸው። ዛሬ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። ስለ እርሳቸው ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ እንዲህ ነው። ገራዱ፣ ሰውን ወንድማማች ወይም ጠላት የሚያደርገውን የበግ ሥጋ አምጡልኝ ብለው አዘዙ። ሌላው ሁሉ የሰባውን ብልት ሲያመጣ፣ የአንድ ድሃ ሰው ልጅ አባቷን ጉሮሮውን ይዞ እንዲሄድ መከረችው። ለከረመ ጅላል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

አሁን ዝናቡ ይምጣ። በመጋቢት መጨረሻ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር እያንዳንዱ ሰፈር «ሳሃን» የሚባለውን ቃኚ ይልካል። ሥራው ዝናቡ የት እንደ ዘነበ፣ ሣሩ የት እንደ በቀለ፣ በዚያም ማን እንደ ሰፈረ አይቶ መመለስ ነው። የእርሱ ወሬ ሲደርስ ሴቶቹ አቃላቸውን ያፈርሳሉ፤ ጨረጨሩንና ሰሌኑን በግመል ጭነው በአንድ ማለዳ መንደሩ ይነሣል። የብዙዎቹ ጉዞ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ሐውድ ነው።

ስለ ሐውድ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የዚህን አገር የመቶ ዓመት ፖለቲካ ያለ እርሱ መረዳት አይቻልም። ሐውድ ወንዝም የዘወትር ኤላም የሌለው ሰፊ ቀይ ምድር ነው። ሣሩ ለግመልና ለበግ እጅግ የተስማማ ነው፤ ነገር ግን ሊበላ የሚችለው ዝናብ ዘንቦ ኩሬው ውሃ ሲይዝ ብቻ ነው። ውሃው ሲደርቅ ከወዲያ ያለው ሕዝብ ወደ ሀርጌሳና ወደ ቡርዖ ኤላዎች፣ ከወዲህ ያለው ወደ ጀረርና ወደ ፋፈን ሸለቆ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ሕዝብ ሁለት አገር የለውም፤ በሁለት ወቅት የሚኖርበት አንድ አገር አለው። ራስ መኰንንና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ በግንቦት 1889 የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን ሲደራደሩ መስመሩ ያለፈው በዚሁ መካከል ነበር፤ የዝናቡ ግጦሽ በአንድ ወገን፣ የበጋው ኤላ በሌላው ወገን ቀረ። ተዋዋዮቹ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉት ጐሣዎች በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በአቅራቢያው ወዳለውም ኤላ እንዲደርሱ፣ ነገር ግን በተሻገሩበት ጊዜ በዚያው አገር ባለሥልጣን ፍርድ ሥር እንዲሆኑ በደብዳቤ ተስማሙ። ከዚያ ዘመን ውሎች መካከል ከብት እግር እንዳለው ያስታወሰ ውል በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

ሆኖም በደብዳቤ የተጻፈው በምድር ላይ ሲፈተን ሌላ ነው። ወሰኑ በድንጋይ ከተመለከተ በኋላ፣ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ጥምር ኮሚሲዮን የግጦሹን አገር ለማጥናት ወደ ደቡብ ወረደ። በኅዳር 1927 ወልወል ሲደርስ ኤላዎቹን የኢጣልያ ወታደሮች ይዘዋቸው አገኘ። ኅዳር 26 ቀን የተተኮሰው ጥይት ወደ ጄኔቭ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ደረሰ፤ በዓመቱም ለአገራችን መወረር ምክንያት ሆኖ ቀረበ። የዚያ የዓለም ነገር መነሻ አንድ የግጦሽ ጥናትና የአንድ ጅላል መግቢያ የኤላ ውሃ እንደ ነበረ የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን።

በጦርነቱ ጊዜ ጅግጅጋ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጦር ዋና ሰፈር ሆነች፤ ቱርካዊው ጄኔራል ዌሂብ ፓሻም የመከላከያውን መሥመር በደቡብ ያስቈፍር ነበር። በ1928 ሚያዝያ ግራዚያኒ በሞተር ሠራዊቱ ሲገፋ የጉ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎበት፣ ሐረርን የያዘው አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከገባች በኋላ፣ በሚያዝያ 30 ቀን ነው። ዝናብ ጠላትን ማዘግየት ይችላል፤ መመለስ ግን አልቻለም። ከአምስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይህን ስሕተት አልደገመም። ከሞቃዲሾ ተነሥቶ በደረቁ መሬት ላይ እየገሠገሠ መጋቢት 8 ቀን 1933 ጅግጅጋ ገባ፤ የናይጄርያ ወታደሮች በማርዳ በር ላይ ከተዋጉ በኋላ፣ መጋቢት 17 ቀን ሐረር ደረሰ። የጉ ደመና ሲሰበሰብ እርሱ ደጋውን ይዞ ነበር።

ከነፃነት በኋላም ኦጋዴንና ሐውድ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቈዩ። በታኅሣሥ 1937 የተፈረመው ስምምነት ይህንኑ ሲያጸና፣ ጅግጅጋና ኦጋዴን ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሱት በመስከረም 1941 ነው። ሐውድና «የተጠበቀው ክልል» የሚባለው ስፍራ ደግሞ ከኅዳር 1947 ስምምነት በኋላ በየካቲት ወር ተመለሱ። በዚህኛው ስምምነት የ1889ኙ የግጦሽ መብት እንደ ገና ተጻፈ፤ ከወዲያ የሚሻገሩትን ጐሣዎች ጉዳይ የሚከታተሉ የእንግሊዝ የግንኙነት ሹማምንትም እንዲኖሩ ተፈቀደ። ለኢትዮጵያ መንግሥት ነገሩ የራስን መሬት መልሶ መረከብ ነበር። ለሶማሌላንዱ እረኛ ግን የግማሽ ዓመት ቤቱን ለሌላ መንግሥት እንደ መስጠት ታየውና መልእክተኞቹ ለንደን ድረስ ሄደው ጮኹ። አንዱ ወገን የሚናገረው ስለ ካርታ ነው፤ ሌላው የሚናገረው ስለ ሣር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አልተደማመጡም። በሰኔ 1952 የእንግሊዝ ግዛት ሲያበቃ የግጦሹ ውል ባለቤት አጣ። በ1956 በቶጎ ውጫሌ በኩል በሁለቱ መንግሥታት ጦር መካከል ተኩስ ተከፈተ። መንጋው ግን ያን ዓመትም ዝናቡን ተከትሎ ተሻግሮአል፤ ውል የማያስፈልገው እርሱ ብቻ ነው።

ሐውድን የለወጠው በመጨረሻ ሲሚንቶ ሆነ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰዎች የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጕድጓድ መሥራት ጀመሩ፤ ስሙ «ብርካ» ነው። ብርካ ያለው ሰው በጅላል ከሐውድ መውጣት አላስፈለገውም፤ ውሃውንም ለጎረቤቱ ይሸጣል። በየብርካው ዙሪያ ሱቅ፣ ከሱቁም አጠገብ መንደር ተተከለ። ይህ እድገት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በበጋ ያርፍ የነበረው ሣር ዓመቱን ሙሉ ስለሚበላ ምድሩ እየተራቈተ መሄዱን ሽማግሌዎቹም የግጦሽ ባለሙያዎቹም ይናገራሉ። የዚህ ምድር የውሃ እጦት ምን ያህል እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ያወቀው በ1980 ነው። በግንቦት ወር በሀርጌሳ ጦርነት ሲነሣ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወሰኑን ተሻግሮ ሐርትሼክ ሰፈረ፤ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ለዚያ ሁሉ ነፍስ የሚጠጣው ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመላለስለት ነበር። ሰፈሩ በ1996 ተዘጋ። በቀብሪ በያሕ ለቀሩት ስደተኞችና ለከተማው ነዋሪ ውሃው ኋላ ከዚያው ሸለቆ በቧንቧ ተስቦአል።

ስለ ሐጋ ብዙ አልናገርም። ነፋስ ነው፤ አቧራ ነው። በዚህ ወቅት መጐብኘት ያለበት ሰሜኑ፣ ማለትም ዛሬ የሲቲ ዞን የሚባለው የሽንሌ፣ የኤረርና የአይሻ አገር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ዝናቡ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል፤ በአይሻ ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሣ በዘመናችን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተክሎበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ዳር ቆላ «ጉባን» ይባላል፤ የተቃጠለ ማለት ነው። በሐጋ ከዚያ ሁሉም ወደ ደጋው ይሸሻል። የሚያስደንቀው ግን በጅላል ደጋው ሲደርቅ ያው የተቃጠለ ባሕር ዳር «ሐይስ» የሚባል ቀጭን የክረምት ዝናብ ያገኛል፤ በዚህም ምክንያት የሲቲ ከብት በታኅሣሥና በጥር ወደ ባሕሩ ይወርዳል። እኛ የወሰን ጣቢያ የምንለው ደወሌ ለእነርሱ የወቅት መሻገሪያ ነው። በሦስት መንግሥታት ግዛት የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚዳኙበት ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ «ኼር ኢሴ» የሚባለው ይህ ሕግ በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሮአል።

በዚያ ምድር ዝናብን ሳይጠብቅ መንቀሳቀስ የጀመረው የመጀመሪያው ነገር ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ሲደርስ የዘይላ የሲራራ ንግድ ከነወቅቱ ሞተ፤ ግመሎቹ የሚያርፉባት ጥንታዊቷ ጊልዴሳም ተረሳች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ ዛሬ በዚያው አቅጣጫ ያልፋል። ባቡሩ የአገሩን ወቅት ቢንቅም ወቅቱ እርሱን አልናቀም፤ የአሮጌው መስመር ታሪክ የጐርፍና የፈረሰ ድልድይ ታሪክ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በከረን ጊዜ የደጫቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰው ወስዶአል፤ ወንዙ በጅላል ቢያዩት ግን አሸዋ ብቻ ነው።

በከረን ወደ ጅግጅጋ ይመለሱ። አሁን ገበሬው የሚኖርበትን ወቅት ያያሉ። በዚህ ሜዳ ብዙው ሶማሌ በማረሻ ማረስ የጀመረው ከመቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው፤ ዘሩንም የእርሻውንም ብልሃት በይበልጥ ያገኘው ከሐረርጌ ኦሮሞ ጎረቤቱ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘራል፤ አገዳው ለከብቱ ይቀመጣል። በዚህ ወቅት የወተት ዋጋ ረክሶ፣ ሴቶቹ ማለዳ በየመንገዱ ዳር ጣሳቸውን ደርድረው፣ በሻይ ቤቱ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ሲቀዳ ማየት ያስደስታል። ሰርግም የሚበዛው እንዲህ ያለው የጥጋብ ጊዜ ነው።

ይኸው የጥጋብ ወቅት በ1970 መከራ ይዞ ገባ። የሶማልያ ጦር በሐምሌ 1969 ወረራውን ከጀመረ በኋላ፣ ጅግጅጋ በመስከረም መጀመሪያ በእጁ ገባች፤ የእኛም ጦር በካራማራ በኩል አፈገፈገ። የማሽላው አዝመራ የሚሰበሰብበት ወራት በከባድ ጦርነት አለፈ። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ተራራውን በሰሜን በኩል ዞሮ ከተማዪቱን መልሶ የያዘው የካቲት 26 ቀን 1970፣ መሬቱ ለታንክ በሚመችበት በጅላል ነበር። በየዓመቱ የካራማራን ድል ስናከብር ስለ ጀግኖቹ እንናገራለን፤ ይገባልም። ያ ሜዳ ግን በዚያ ዓመት ሁለቱንም ዝናቡን ያለ እረኛና ያለ ገበሬ እንዳሳለፈ አብሮ ቢነገር ታሪኩ ይሞላል።

የገበያውን ነገር ሳልነካ ባልፍ የጉምሩክ ባልደረቦቻችን ይቀየሙኛል። የዚህ አገር ትልቁ የበግና የግመል ገበያ ከዝናቡ ሌላ የሚታዘዝለት አንድ ጌታ አለው፤ እርሱም የሐጅ በዓል ነው። ለዚያ በዓል የሚታረደው በግ በቶጎ ውጫሌ ተሻግሮ በበርበራ ይጫናል። የሐጅ ቀን ግን በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በወቅቶቹ ሁሉ ላይ ይዞራል። በዓሉ ከከረን ቀጥሎ ሲውል በጉ ሰብቶ ይሸጣል፤ በጅላል መጨረሻ ሲውል ከሲታውን በግ ወደ ገበያ ማውጣት ግድ ይሆናል። ሳዑዲ ዐረቢያ በበሽታ ምክንያት በ1990 እና እንደ ገና በ1993 ከዚህ ቀጠና የሚሄደውን ከብት በከለከለች ጊዜ፣ እግዱም እስከ 2002 ሲቈይ፣ ዝናቡ ቢዘንብም እረኛው ደኸየ። ወደ ውጭ የሄደው በግ በስኳር፣ በሩዝና በልብስ ሆኖ ይመለሳል፤ ከአወዳይ የሚመጣው ጫትም በጥድፊያ ወደ ሀርጌሳ ያልፋል። ከዚህ ንግድ የቱ ሕጋዊ፣ የቱ ኮንትሮባንድ እንደ ሆነ ለመለየት በቶጎ ውጫሌ ኬላ የቆመ ሰው ሥራው ቀላል እንዳይመስልዎ።

ከእነዚህ ወቅቶች ውጭ ያለ ሌላ ወቅት አለ፤ እርሱም ዝናቡ የቀረበት ዓመት ነው። የሶማሌ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ዓመት በስም ያስታውሰዋል። የ1966 እና የ1967ቱ ድርቅ «ደባዴር» ይባላል፤ ጅራተ ረዥም ማለት ነው፤ አልቆረጥ ስላለ። በ2007 እና በ2008 ድርቁ የሲቲን ዞን ክፉኛ መትቶ፣ ብዙ ቤተሰብ የቀረውን ከብት ይዞ ወደ ባሕሩ ዳር ተሰደደ። ከ2013 ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪቃ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ፤ በሶማሌ ክልል ያለቀው ከብት ብዙ ነው። ከብቱን ያጣ እረኛ መንጋውን ለመተካት ዓመታት ይፈልጋል፤ የማይችለው በከተማው ዳር ይሰፍራል። በጅግጅጋ ዳርቻ የሚያዩዋቸው ጨርቅና ላስቲክ የለበሱት አቃሎች የነዚህ ሰዎች ናቸው፤ መንደራቸው ከእንግዲህ በወቅት አይነሣም።

ሥራዎ ወደዚያ ቢወስድዎና አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ቢፈቀድልዎ፣ በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት ይሂዱ። ያን ጊዜ ጅላሉ ሳይወጣ ጉ ሊገባ ይታገላል፤ ሁሉም ሰው ወደ ሰማይ ያያል። በሻይ ቤት ከእረኞቹ ጋር ቢቀመጡ፣ ሳሃኑ ዛሬ በእግሩ ብቻ እንደማይሄድ ይረዳሉ፤ በኢሱዙ ተሳፍሮ ይወርድና ከሐውድ ወይም ከፋፈን ማዶ በእጅ ስልክ ይደውላል። ሰላምታው ረዥም ነው፤ የቤተሰቡም የከብቱም ደኅንነት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ስልኩን የያዘውም ሰው «የት ዘነበ?» ብሎ ይጠይቃል።